«እድሜዎ ነው» ብላችሁ አትሸኙን፦ ስለተዘጋው የአረጋውያን የትውስታ ሥልጠና ግልጽ ደብዳቤ

ለክፍለ ከተማችን የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተቋረጠው የአረጋውያን የትውስታ ሥልጠና እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በወረዳችን አዳራሽ ጎን ባለችው ክፍል ይሰበሰቡ በነበሩ አረጋውያን ስም ነው። ጡረተኞች አሉበት። ዕድሜ ልካቸውን ጉሊት ሲቸረችሩ የኖሩ እናቶች አሉበት። ሹፌር የነበሩ፣ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ሒሳብ ሹም የነበሩ አሉበት። አብዛኞቻችን ከ60 ዓመት በላይ ነን፤ 80ን የተሻገሩም አሉን። እዚያች ክፍል የምንሄደው ማስታወስን ለመለማመድ ነበር።

አንድ ጠዋት ስንሄድ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ለአረጋውያን የሚደረገው ድጋፍ ከእንግዲህ በመሠረታዊ ፍላጎት ላይ እንደሚያተኩር ይገልጻል። የትውስታ ሥልጠናው ቅድሚያ የሚሰጠው ስላልሆነ መቋረጡንም ይናገራል። የጠየቀን ሰው አልነበረም። ክፍሏ ዛሬ የአሮጌ ፋይል ማስቀመጫ ናት።

መሠረታዊ ፍላጎት ምን እንደሆነ እኛም እናውቃለን። በበዓል ሰሞን የምትሰጡት ዘይትና ዱቄት ለብዙዎቻችን ትልቅ ነገር ነው። በጡረታ አበል ወሩን መዝለቅ ያቃታቸው ብዙ ናቸው። ይህን የሚያቃልል ከመካከላችን የለም። ነገር ግን አንድ ሰው ዱቄት ካገኘ በኋላ ቀሪውን ወር እንዴት ይኖራል? መድኃኒቱን መዋጡን በምን ያውቃል? ብቻውን ታክሲ ተሳፍሮ ለቅሶ ይደርሳል ወይስ እጠፋለሁ ብሎ ቤቱ ይቀራል? የገዛ ብሩን ራሱ ያወጣል ወይስ ሰው ያወጣለታል? እኛ ደጋግመን ያየነው ነገር አለ። ሰው ገና ብዙ ማስታወስ እየቻለ «ከእንግዲህ አልችልም» ብሎ ይደመድማል። ከደመደመ በኋላ መሞከር ያቆማል። መሞከር ሲያቆም ደግሞ የፈራው ነገር በእርግጥ ይመጣበታል። ሥልጠናው የሚሠራው እዚህ ቦታ ላይ ነበር።

ሥልጠናው ምን እንደነበር ጽሕፈት ቤታችሁ በትክክል የተረዳው አይመስለንም። «የአዛውንቶች ጨዋታ» እየተባለ ይጠራ እንደነበር ሰምተናል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ላስረዳ።

አሠልጣኞቻችን ሁለት ናቸው። አንዷ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ሌላው ሥነ ልቦና የሚያጠና ወጣት። ሁለቱም በነጻ ነው የሚያገለግሉን። ትምህርቱ ሁልጊዜ በጥያቄ ይጀምራል። አሥራ ሁለት የገበያ ዕቃ ሊነበብልን ነው። «እትዬ፣ ከዚህ ስንቱን የሚያስታውሱ ይመስልዎታል?» ይላል ወጣቱ። መልሳችንን ይጽፈዋል። አብዛኞቻችን «ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት» እንላለን። ከዚያ ያነባል፦ ሽንኩርት፣ ሻማ፣ ኮረሪማ፣ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ክብሪት እያለ ይቀጥላል። ምንም ዘዴ ሳንማር እንኳ ከገመትነው በላይ እናስታውሳለን። ዘዴው ሲጨመርበት፣ ማለትም ለወጥ የሚገባውን ለብቻ፣ ለቤት የሚሆነውን ለብቻ ሰብስበን ስንይዘው፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ ግምታችንንና ያስታወስነውን ጎን ለጎን ያሳየናል። የሥልጠናው ዋና ነገር ይኸው ነው። ሰው ራሱን ምን ያህል አሳንሶ እንደገመተ በዓይኑ ያየዋል። ሌላ ሰው «አይዞዎት፣ ይችላሉ» ቢለው ይህን ያህል አያምንም።

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ሥራ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኝ አስረድቷል። አንደኛው ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት ነው። ሁለተኛው እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ሲያይ ነው። ሦስተኛው ከሰው የሚሰማው ማበረታቻ ነው። አራተኛው የገዛ ሰውነቱ የሚነግረው ነው፤ ልቡ እየመታ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ «አቃተኝ» ይላል። እነዚህ አራቱ ቤት ተዘግቶ ብቻ ተቀምጦ የሚገኙ አይደሉም። የ79 ዓመት ጎረቤቷ ዘጠኝ ዕቃ ስታስታውስ ያየች የ66 ዓመት ሴት ሌላ ሰው ሆና ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው። ለዚህ ነው ክፍሏን የምንፈልጋት። «መልመጃውን ወረቀት ላይ አባዝተን እንስጣችሁና ቤታችሁ ሥሩ» ያላችሁን ያልተቀበልነውም ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። ከመካከላችን ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶች ብዙ ናቸው። «ማስታወሻ ይያዙ» የሚለው ምክር ለእነሱ አይሠራም። አሠልጣኞቻችን ይህን ቶሎ ገባቸው። ስለዚህ እናቶቹ ዕድሜ ልካቸውን ከሚያውቁት ነገር ጀመሩ። ቀን የሚቆጥሩት በታቦት ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ። የደም ግፊት መድኃኒቷን የምታመጣበት ቀን ይጠፋባት የነበረች እናት አሁን «መድኃኒቴ በሚካኤል ነው» ትላለች፤ አይጠፋባትም። ሙስሊም እናቶቻችንና አባቶቻችን ደግሞ ክኒናቸውን ከሶላት ጋር አያያዙት። የጠዋቱን ከሱብሒ በኋላ፣ የማታውን ከመግሪብ በኋላ ይውጣሉ። ለእነዚህ ሰዎች ማስታወስ አዲስ ነገር ሆኖባቸው አያውቅም። የጎደላቸው ያለውን ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝላቸው ሰው ነበር።

እዚህ አገር በቃል መያዝ ትልቅ እውቀት ሆኖ የኖረ ነገር ነው። ከአባሎቻችን አንዱ መሪጌታ ናቸው። ልጅ ሆነው መቶ ሃምሳውን መዝሙር በቃላቸው ያወጡት እንዴት እንደሆነ ነገሩን። ጥቂት ይቀበላሉ፣ መልሰው ይሉታል። ማታ በጨለማ መጽሐፍ ሳይገልጡ ይደግሙታል። ጠዋት የትናንቱን ሳይወጡ አዲስ አይጨምሩም። በወሎና በሐረር ቁርዓን የሐፈዙ አባቶችም የሚነግሩን ከዚህ የራቀ አይደለም። ወጣቱ አሠልጣኛችን ይህን ሲሰማ ደስታው ወደር አልነበረውም። ለካ የሥነ ልቦና ምሁራን እያራራቁ መድገም የሚሉትና አሁን በብዙ ጥናት የተረጋገጠው ዘዴ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። አዲስ ስም ትሰማለህ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ትለዋለህ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትለዋለህ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ትለዋለህ፣ በማግሥቱ ትለዋለህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪጌታ ተማሪ ብቻ አልነበሩም፤ አስተማሪም ሆኑ።

አሁን ወደ ቅሬታችን ልግባ።

የመጀመሪያው ክፍሏ የተዘጋችበት መንገድ ነው። ሥልጠናው ይጠቅማል አይጠቅምም ብሎ የመረመረ ሰው አልመጣም። አንድም ባለሙያ ቁጭ ብሎ አላየንም። የግምታችንና የውጤታችን መዝገብ በእጃችን ነበር፤ ያየልን የለም። ጉዳዩ በዓለም ላይ ያልተጠናም አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረ አንድ ትልቅ ጥናት ከ65 እስከ 94 ዓመት የሆናቸው 2,832 ሰዎች ተሳትፈዋል። አንዱ ቡድን የማስታወስ፣ ሌላው የማመዛዘን፣ ሦስተኛው የፍጥነት ሥልጠና ወሰደ፤ አራተኛው ምንም አልወሰደም። ሥልጠናው ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ አሥር ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ እያንዳንዱ ቡድን በሠለጠነበት ነገር መሻሻሉ ታወቀ። ከአሥር ዓመት በኋላም ሥልጠና የወሰዱት ሁሉ የዕለት ኑሯቸውን ለመምራት የሚገጥማቸው ችግር ካልወሰዱት ያነሰ እንደሆነ ተናግረዋል።

እውነቱን አሟልቼ መናገር ስላለብኝ ሌላውንም ልጨምር። በዚያው ጥናት ወዲያው በግልጽ የተሻሻሉት የማስታወስ ሠልጣኞች 26 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች በጣም ያነሰ ነው። የማስታወስ ሥልጠናው ውጤት በአሥረኛው ዓመት በፈተና አልታየም። ይህን የሚያነብ የበጀት ሰው «እንግዲያውስ ምን ይሠራል?» ሊል ይችላል። እኛ ግን የምናነበው እንዲህ ነው፦ አሥር ክፍለ ጊዜ ወስዶ መተው አይበቃም። ልምምዱ መቀጠል አለበት። ዘዴውን ብቻ አስተምሮ ሰውዬው በራሱ ላይ ያለውን እምነት ሳይነኩ መሄድም አይበቃም። አልችልም የሚል ሰው የተማረውን ዘዴ ቤቱ ሲደርስ አይጠቀምበትም። ስለዚህ እናንተ የዘጋችሁት ሁለቱን አንድ ላይ የያዘውንና በየሳምንቱ የሚቀጥለውን ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ጤና ጣቢያ ላይ ነው። የ68 ዓመት እናት ናቸው። «ሰው የነገረኝ ነገር ይጠፋብኛል» ብለው ሄዱ። «እድሜዎ ነው እማማ» ተብለው ተመለሱ። ሌላ ምንም አልተጠየቁም። የኛዋ ነርስ ግን ሥልጠና ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ እናታችን ሁልጊዜ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ተናጋሪው ያዞራሉ። ሌላ ቦታ ሄደው ሲታዩ ግራ ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ኖሯል። ጸዳላቸው። ያልሰሙትን ነገር እንዴት ያስታውሱት? ለወራት ግን «ጃጅቻለሁ» ብለው ከዕድርም ከማኅበርም ቀርተው ነበር። ልጆቻቸው ገበያ መላክ አቁመው ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣባቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

መርሳትን የሚያመጡና የሚታከሙ ነገሮች ብዙ ናቸው። የእንቅልፍ መድኃኒት አለ። ድብርት አለ። የታይሮይድ ችግር አለ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አለ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል። የመስማት ችግር፣ የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ድብርት፣ ከሰው መገለልም አሉበት። እነዚህ ላይ ቢሠራ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ከሰው መገለል የሚለውን በተለይ አስምሩበት። የሁለት ጠዋት መሰብሰቢያችንን ስትዘጉ የጨመራችሁት እሱን ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ ብዙ ቢሮዎችን ይመለከታል። ስም አልጠራም፤ ሁሉም ጋ አለና። አንድ የ74 ዓመት ጡረተኛ ሒሳብ ሹም አሉን። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሲዘጉ የኖሩ ናቸው። ብር ሊያወጡ ሄደው የሚስጥር ቁጥራቸውን ሲስቱ ወጣቷ ሠራተኛ «አባባ፣ በሚቀጥለው ልጅ ይዘው ይምጡ» አለቻቸው። ክፋት አልነበረባትም። በአክብሮት ነው ያለችው። ኋላቸው ግን ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ሁሉም ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዱም ቁጥሩም ልጃቸው ኪስ ገባ። ጋሼ ስንት ብር እንዳላቸው ማወቅ ተዉ።

ሥልጠናው ላይ ይህን ነገር ለወራት ሠራንበት። አራቱን ቁጥር ሁለት ሁለት አድርገው ከፈሉት። እሳቸው ብቻ ከሚያውቁት ነገር ጋር አያያዙት። እያራራቁ ደገሙት። ቁጥሩን ከመያዝ ይልቅ የከበዳቸው ግን ሰልፉ ነበር። ሰው ኋላቸው ቆሞ ሲያይ ልባቸው ይመታል፣ ቁጥሩ ይጠፋል። ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ ኋላቸው ተሰልፈን ቆምን። እየተሰለፍንላቸው ቁጥሩን ደጋግመው መቱት። አሁን ብራቸውን ራሳቸው ያወጣሉ። ባለቤታቸው ይህን ስትነግረን እንባዋ መጣ።

ይህ የፍርሃት ነገር በጥናትም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወጣቶችና አረጋውያን አንድ ዓይነት ነገር እንዲይዙ ተደረገ። ጉዳዩ የማስታወስ ችሎታ መሆኑ ጎላ ብሎ ሲነገራቸው አረጋውያኑ ከወጣቶቹ አነሱ። ስለ ማስታወስ ሳይወራ እንዲሁ እውቀት እንደሚማሩ ሲነገራቸው ግን ልዩነቱ አልታየም። ቤካ ሌቪ የተባለችው ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሳሳይ ነገር አሳይታለች። ለአረጋውያን ስለ እርጅና የሚነገሩ ክፉ ቃላትን ዓይን በማይዘው ፍጥነት በስክሪን ላይ ብልጭ አደረገችላቸው፤ ትውስታቸው ቀነሰ። መልካሞቹን ስታደርግላቸው ተሻሻለ። ብልጭ ብሎ የጠፋ ቃል ይህን ካደረገ፣ በሰው ፊት ጮክ ብሎ የሚነገረው ምን ያደርግ ይሆን? አባትየው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ ሠራተኛው ልጃቸውን «ስንት ዓመታቸው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይሰማቸዋል? መታወቂያ ሊያሳድሱ የሄዱ አባላችን ይህ ደርሶባቸዋል። ዕድሜያቸውን እስከነወሩ ያውቁት ነበር።

አራተኛው በየዓመቱ መስከረም 21 በዓለም አቀፉ የአረጋውያን ቀን የምታዘጋጁት ዝግጅት ነው። ባለፈው ስለ መርሳት በሽታ ገለጻ ተደረገ። ባለሙያው የበሽታውን ምልክቶች ዘረዘሩ። ዕቃ ያስቀመጡበትን መርሳት፣ ስም መጥፋት፣ ቀን መሳት። ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከዚያ ወደ ቤት። የትኛው መርሳት የተለመደ፣ የትኛው ሐኪም የሚያስፈልገው እንደሆነ አልተነገረንም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ክፍላችን በፍርሃት ተሞልታ ነበር። «እኔ ሦስቱ ምልክት አለኝ» የሚል ነው የበዛው። ነርሷ አንድ ሙሉ ጠዋት ይህንን ሲያስረዱ ዋሉ። የሰው ስም ጠፍቶ ማታ ላይ የሚመጣ ከሆነ፣ መነጽር ተቀምጦበት ከነበረው ቦታ ተፈልጎ የሚገኝ ከሆነ፣ ይህ በማንም ላይ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ሲያስቀምጡት ልብ ስላላሉት ነው። ለዓመታት የተመላለሱበት መንገድ ላይ መጥፋት፣ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ የሠሩትን ወጥ አሠራሩን መርሳት ግን ሐኪም ጋ ያስኬዳል። ሥልጠናችን የመርሳት በሽታን አይፈውስም። እንዲህ ብለን ተናግረን አናውቅም። በሽታው ያለባቸው ሰዎች ሕክምናና እንክብካቤ ይገባቸዋል፤ ክፍላችን ውስጥ የተጠረጠሩ ሁለት አባላትን ወደ ሐኪም የላከችው ራሷ ሥልጠናዋ ናት። በሽታው የሌለባቸው ግን በፍርሃት ብቻ እንዲታመሙ አትተዉአቸው።

አምስተኛውን ከሁሉ አስረዝሜ ብጽፈው ደስ ይለኛል፤ ሰሚ ያጣ ጉዳይ ነውና። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስተው ወደ እኛ አካባቢ የመጡ አረጋውያን አሉ። ቤታቸው ስለፈረሰ ያዝናሉ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ነው። ሃምሳ ዓመት በኖሩበት ሰፈር ማስታወስ ግማሹ ሥራ የሰፈሩ ነበር። ወፍጮ ቤቱን ሲያዩ ዱቄቱ ትዝ ይላል። የጎረቤትን በር ሲያዩ የተበደሩት ሰፌድ ትዝ ይላል። ቤተ ክርስቲያኑን ሲያልፉ የታመመ ዘመድ ትዝ ይላል። አሁን አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁሉም በር አንድ ዓይነት በሆነበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናቸው። ብሎካቸው ይጠፋባቸዋል። ወጣት እንኳ ይጠፋበታል። እነሱ ግን «አእምሮዬ ሄደ» ይላሉ። ልጆቻቸውም ያምኗቸዋል፣ ብቻቸውን እንዳይወጡ ይከለክሏቸዋል። ከዚያ ሰው ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ይሆናል።

ከእነዚህ አንዲት እናት መጀመሪያ ሥልጠና ሲመጡ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነበር። አሠልጣኙ አዲሱን ብሎክ አልጠየቃቸውም። «ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ሲወርዱ ምን ምን ያገኛሉ?» አላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። ቸርችል ጎዳናን፣ ቴዎድሮስ አደባባይን፣ ፖስታ ቤትን፣ በየመሐሉ ያለውን ሱቅና ዛፍ ሳይቀር ቆጠሩት። አብዛኛው ዛሬ እንደዚያ አይደለም፤ እሳቸው ጋ ግን አለ። ከዚያ በየቦታው ላይ አንድ አንድ ዕቃ አስቀምጡ ተባሉ። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ጨው፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ምስር፣ ፖስታ ቤት ደረጃ ላይ ዘይት። በዓይነ ሕሊናቸው መንገዱን እየወረዱ ሁሉንም አነሱት። ይህ ቦታን ተጠቅሞ የማስታወስ ዘዴ በዓለም ላይ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ኋላ በዚያው ዘዴ የአዲሱን ሰፈራቸውን መንገድ በምልክት ከፋፍለው ያዙት። ክፍሏ እስክትዘጋ ድረስ ብቻቸውን ይመጡ ነበር። አሁን የት እንደሚውሉ ብንጠይቅ «ቤት ናት» አለችን ልጃቸው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። የአፍሪካ ኅብረትም ስለ አረጋውያን መብት የሚናገረውን ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። አቅም የሚለውን ቃል እናከብራለን። እኛ የምንጠይቀው ግን አንድ ክፍል፣ ወንበርና የበር ቁልፍ ነው። አሠልጣኞቹ ደመወዝ አይጠይቁም። ቡናውን ራሳችን እናዋጣለን።

ስለዚህ እነዚህን እንጠይቃለን።

ክፍሏ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት እንድትመለስልን እንጠይቃለን። ፋይሎቹ በአንድ ጎን ቢቀመጡም ግድ የለም፤ ጠበን እንቀመጣለን። ክፍሏ የማትገኝ ከሆነ በወረዳው ውስጥ ደረጃ የሌለበት፣ መጸዳጃ የቀረበበት ሌላ ቦታ ይሰጠን። ብዙዎቻችን ጉልበታችንን ያመናል።

ሥልጠናው ይቀጥል አይቀጥል የሚለው ከመወሰኑ በፊት ባለሙያ መጥቶ ለተወሰኑ ሳምንታት ይየን። መዝገባችንን እንሰጣለን። ጥቅም የለውም ከተባለም ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይነገረን።

ጤና ጣቢያው ትውስታ ከዳኝ ብሎ ለመጣ አረጋዊ ቢያንስ ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ የደም ግፊቱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሳያይ እንዳይሸኝ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋገሩልን። ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አዲስ ወደ ሰፈሩ የመጡትን አረጋውያን እንዲጠይቁ አሳስቡልን። ከቤት የማይወጡት ማን እንደሆኑ እነሱ ያውቃሉ።

በሥራችሁ ባሉ ቢሮዎች ሁሉ ሠራተኛው አረጋዊውን ራሱን እንዲያናግር፣ ጊዜ እንዲሰጠው፣ ቁጥር ወይም ስም ቢጠፋበት ወደ ጎን ብሎ እንዲረጋጋ እንዲያደርገው ይነገር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጪው መስከረም 21 ዝግጅት ላይ ደግሞ ከእኛ መካከል የሠለጠኑ አረጋውያን መድረክ ላይ ወጥተው ዘዴያቸውን እንዲያሳዩ ፍቀዱ። መሪጌታና ባለ ቸርችል ጎዳናዋ እናታችን ፈቃደኞች ናቸው።

ከአባሎቻችን መካከል ሥልጠናው ከቆመ ወዲህ የዕድር ጸሐፊነታቸውን ለመልቀቅ የጠየቁ አሉ። ዕድሩን «እስኪ ትንሽ ታገሡ» ብለን ለምነናል። ስለዚህ መልሳችሁ ሳይዘገይ በጽሑፍ እንዲደርሰን እንጠይቃለን። ለመነጋገር ከጠራችሁን በማንኛውም ቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የወረዳው የአረጋውያን የትውስታ ሥልጠና ቡድን አስተባባሪ፣ ጡረታ የወጣሁ የሳይንስ መምህርት

ግልባጭ፦
ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት
ለአካባቢው ዕድሮች ሰብሳቢዎች
ለቡድኑ አባላት በሙሉ